ምዕራፍ 6፦ በግድፈት የሚታወቅ ዝምድና

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሳሪስ አካባቢ በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት ሰዎች በወራት ልዩነት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ያዛቸው እንበል። የግቢው ሰው ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አይፈጅበትም፤ አስቀድሞ ያሳለው ሰውዬ ሁለተኛዋን እንዳስያዛት ይወሰናል፣ ብርጭቆ ይለያል፣ ሰላምታ ይቀንሳል። ጤና ባለሙያውም ሌላ ማስረጃ ከሌለው ወደዚያው ማዘንበሉ አይቀርም፤ ግቢው አንድ፣ በሽታው አንድ፣ ጊዜው ተቀራራቢ ነውና። ነገር ግን ቲቢ በብዛት በሚገኝበት ከተማ ሁለት ጎረቤታሞች በሽታውን ከሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ በሁለት የተለያዩ ሰፈሮች፣ በተለያዩ ዓመታት ሊይዙት ይችላሉ፤ እሷ ቄራ በምትሠራበት ቦታ፣ እሱ ከዓመታት በፊት በትውልድ ቀዬው። እነዚህን ሁለት ታሪኮች ሕሙማኑን በመጠየቅ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። የባክቴሪያውን ዘረመል በማንበብ ግን ይቻላል። ስለ ዘዴው ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሽታን ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ እየተከተለ ምንጩ ላይ ጣት የሚቀስር መሆኑ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው በተቃራኒው ነው፦ የዘረመል ንባብ «ከእገሌ አልያዛትም» ሲል ቃሉ ጠንካራ ነው፤ «ከእገሌ ያዛት» ሲል ግን ደካማ ነው። ጥቅሙም ሆነ አደጋው የሚገባን ይህን ልዩነት ስንይዝ ነው።

ከአንዲት ቁራጭ ወደ ሙሉው ጽሑፍ

በምዕራፍ 3 ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ መሆኑን አይተናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ በብዙ ጤና ተቋማት የሚገኘው ጂን ኤክስፐርት ከዚያ ጽሑፍ አንዲት አጭር ቁራጭ ብቻ እየፈለገ፣ አክታው ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ መኖሩንና ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ እንደሚናገር ተመልክተናል። ለታማሚው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ባክቴሪያው ዝምድና ግን ምንም አይነግረንም፤ መድኃኒት ያልተላመዱ ባክቴሪያዎች በዚያች ቁራጭ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸውና።

ዝምድናን ለማወቅ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ያስፈልጋል። የቲቢ ባክቴሪያ ሙሉ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነብቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝና በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ትብብር ነው፤ ርዝመቱ 4.4 ሚሊዮን ፊደል ያህል ሲሆን ወደ 4,000 የሚጠጉ ዘረመሎችን ይዟል። ዛሬ አንድን የበሽተኛ ናሙና ለማንበብ መጀመሪያ ባክቴሪያውን በላብራቶሪ ማራባት፣ ከዚያ ዲኤንኤውን አውጥቶ መቆራረጥ፣ ቁርጥራጮቹን በማሽን ማንበብና በኮምፒውተር በዚያ በ1998ቱ ጽሑፍ አጠገብ መደርደር ይጠይቃል። በመጨረሻ የሚገኘው ውጤት አጭር ዝርዝር ነው፦ በዚህ ቦታ ላይ ማጣቀሻው ይህን ፊደል ሲል፣ የዚህ ሰው ባክቴሪያ ሌላ ፊደል ይላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክርክር በሙሉ የሚቆመው በዚህ ዝርዝር ላይ ነው።

ቁም ጸሐፊውና ግድፈቱ

የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን መሰሉን ዝርዝር ከማናችንም በፊት ያውቁታል። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል፣ ቃል ይዘላል። ከእሱ ቅጂ የሚገለብጠው ቀጣዩ ጸሐፊ ያንን ግድፈት እንደ ደህና ንባብ ተቀብሎ ይጽፈዋል፤ በላዩም የራሱን አንድ ግድፈት ይጨምርበታል። ከብዙ ዘመን በኋላ በየገዳሙ የተበተኑ አሥር ቅጂዎች ቢሰበሰቡ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ የሚናገረው ትክክለኛው ንባብ አይደለም፤ እሱማ የሁሉም ነው። ዝምድናን የሚመሰክረው የጋራ ግድፈት ነው። ሦስት ቅጂዎች በአንድ መዝሙር ላይ ያንኑ ቃል ከዘለሉ ሦስቱም አንድ አባት አላቸው። የአንደኛው ቅጂ ግድፈት በሁለተኛው ላይ ከሌለ ደግሞ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልተቀዳም።

ቲቢ ባክቴሪያም ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ጽሑፉን ይገለብጣል፤ በጣም ጥንቁቅ ገልባጭም ነው። ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ በሚሄድ አንድ የባክቴሪያ መስመር ላይ ከ4.4 ሚሊዮኑ ፊደላት መካከል ጸንቶ የሚቀር ለውጥ የሚገኘው በአማካይ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ ነው። በሁለት ነገር ደግሞ ከሰው ጸሐፊ ይሻላል። ሰው ሁለት ቅጂዎች ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ከሁለቱም እያቀላቀለ ሊጽፍ ይችላል፣ ያኔ የሊቁ ሥራ ይወሳሰባል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን እንደ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ከጎረቤቱ ዲኤንኤ የሚቀበል ዓይነት ስላልሆነ ጽሑፉ የሚመጣው ከአንድ እናት ብቻ ነው። ሰው የቀደመውን ግድፈት አይቶ ሊያርም ይችላል፤ በባክቴሪያው ላይ ግን አንድ የተለወጠ ፊደል ያው ቦታ ላይ ወደ ቀድሞው መመለሱ እጅግ ያልተለመደ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ግድፈቶችም አሉ። ሁለት የማይተዋወቁ ጸሐፊዎች በአንድ አሳሳች ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ሊሠሩ ይችላሉ። በቲቢ ይህን የሚመስሉት መድኃኒት የመላመድ ለውጦች ናቸው፤ ያው መድኃኒት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ያው የፊደል ለውጥ በተለያዩ ሰዎች ውስጥ ለየብቻው እየተወለደ ስለሚመረጥ፣ የጋራ መድኃኒት መላመድ ብቻውን የጋራ አባት ማስረጃ አይሆንም። በተጨማሪ ከጽሑፉ አንድ አሥረኛ ያህሉ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ድግግሞሽ ስለሆነ፣ አጫጭር ቁርጥራጮችን የሚያነቡት ማሽኖች በየትኛው ቦታ እንደሚያስቀምጡት ይቸገራሉ፤ ተንታኞችም አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል።

አሁን ወደ ሳሪሱ ግቢ እንመለስና ሒሳቡን እንሥራ። የሁለቱ ሰዎች ባክቴሪያ በ40 ፊደላት ቢለያይ፣ ለውጡ የተጠራቀመው በሁለት መስመሮች ላይ ነው፤ ለያንዳንዱ 20 ይደርሰዋል። በዓመት ግማሽ ለውጥ ብለን ብናሰላ የጋራ አባታቸው 40 ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት አንዱ ለሌላው አስተላልፏል የሚለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በቤተሰብ ውስጥና በአንድ ታማሚ ላይ በተለያየ ጊዜ የተወሰዱ ናሙናዎችን በማነጻጸር፣ የቅርብ ጊዜ መተላለፍ ያለባቸው ጥንዶች ብዙውን ጊዜ ከ5 ፊደል በላይ እንደማይለያዩ፣ ከ12 በላይ ልዩነት ካለ ደግሞ ቀጥተኛ መተላለፍ የማይጠበቅ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዛሬም በብዙ ላብራቶሪዎች መነሻ ናቸው።

ጥቂት ገጽ ማየትና መጽሐፉን ማንበብ

ከሙሉ ንባብ በፊት የነበሩት ዘዴዎች በቁም ጸሐፊው ቋንቋ ሲገለጹ፣ መጽሐፉን ገልጦ የተመረጡ ጥቂት ገጾችን ብቻ ማየት ናቸው። አንደኛው በ43 ቦታዎች ላይ የተወሰነ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ይቆጥራል፤ ሌላው በ24 ቦታዎች ላይ አንድ ሐረግ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቆጥራል። እነዚህ ርካሽና ፈጣን ስለነበሩ ለዓመታት አገልግለዋል። ችግራቸው ግን ሩቅ ዘመዳሞችን እንደ መንታ ማሳየታቸው ነው፤ ለውጡ ባልታዩት ገጾች ላይ ሊሆን ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የካናዳ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ24ቱ ቦታዎች መለኪያ አንድ ወረርሽኝ የመሰለው፣ በሙሉ ንባብ ሲታይ በአንድ ጊዜ የተካሄዱ ሁለት ወረርሽኞች ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በአፍሪካ ቀንድ ስደተኞች ላይ የተደረገው ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደይ ወራት የስዊዘርላንድና የጀርመን ብሔራዊ ላብራቶሪዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ያልተለመደ የመድኃኒት መላመድ ጥምረት ያለው ቲቢ በጥቂት ስደተኞች ላይ አዩ። ባክቴሪያው አራቱን የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒቶች ሪፋምፒሲንን፣ አይሶናያዚድን፣ ኢታምቡቶልንና ፒራዚናማይድን መቋቋሙ ሳያንስ በመርፌ የሚሰጠውን ካፕሪዮማይሲንንም ይቋቋም ነበር። እስከ ሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ በሰባት የአውሮፓ አገሮች 29 ሰዎች ተገኙ፤ ሁሉም ከአፍሪካ ቀንድ ወይም ከሱዳን የመጡ ነበሩ። የሁሉም ባክቴሪያ ሲነበብ ልዩነታቸው ከሁለት ፊደል አይበልጥም። የጉዟቸውን መንገድ የተናገሩት 22 ሰዎች ደግሞ በቦታም በጊዜም የሚገጣጠሙ መስመሮችን ተጉዘዋል። ስለዚህ መተላለፉ የተፈጸመው በአውሮፓ የመጠለያ ጣቢያ ሳይሆን በመንገድ ላይ እንደሆነ መገመት ተቻለ።

እስካሁን ያለው ዘዴው ጣት ሲቀስር ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ ጥናት ይበልጥ የምመዝነው ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ተመራማሪዎቹ በቀደሙት ዓመታት የተቀመጡ ናሙናዎችን ሲፈልጉ፣ በ24ቱ ቦታዎች መለኪያ ከወረርሽኙ ጋር የሚገጥሙ ሌሎች 29 የአፍሪካ ቀንድ ተወላጆችን አገኙ። በድሮው ዘዴ ቢሆን 58ቱም በአንድ ወረርሽኝ መዝገብ ላይ ይሰፍሩ ነበር። ሙሉ ንባቡ ግን የቀደሙት 29 ሁሉ ከወረርሽኙ ከ5 ፊደል በላይ የራቁ መሆናቸውን አሳየ፤ ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው ጥንት የወረሱት አንድ ካፕሪዮማይሲንን የሚያስቋቁም ለውጥ ነው። ከዚህ በመነሳት ጥናቱ የዚህ ቲቢ መነሻ በሰሜን ሶማሊያ ወይም በጅቡቲ ሲዘዋወር የቆየ የባክቴሪያ ዘር ሳይሆን እንደማይቀር አመለከተ። ሃያ ዘጠኝ ሰዎች ከወረርሽኙ ነጻ መውጣታቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ ስደተኛ በጥርጣሬ በሚታይበት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ።

ምንም ልዩነት ከሌለስ?

የዘዴው ደካማ ጎን የሚታየው ሁለት ናሙናዎች ፍጹም አንድ ሲሆኑ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ጥፋተኝነት ማረጋገጫ ይወስደዋል። ግን ለውጥ የሚመጣው በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ ከሆነ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ባክቴሪያው ከአንድ ሰው ወደ ሦስት ሰው ተላልፎ የአራቱም ጽሑፍ ያለ አንዳች ግድፈት አንድ ሊሆን ይችላል። ማን ለማን እንዳስተላለፈ በዚህ ጊዜ ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። እሱ ለእሷ ወይም እሷ ለእሱ አስተላልፋ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሁለቱም ፈጽሞ ሐኪም ፊት ካልቀረበ ሦስተኛ ሰው ወስደውት ይሆናል። መጀመሪያ ያሳለው መጀመሪያ የተያዘው ላይሆን ይችላል፤ ቲቢ በአንዱ ሰው ላይ በወራት ውስጥ ሲነሳ በሌላው ላይ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል።

ይህ የመተኛት ጠባይ ራሱ ለክርክሬ ፈተና ነው። ተኝቶ የሚቆይ ባክቴሪያ ጽሑፉን የሚገለብጥበት ፍጥነት ቢቀንስ፣ ከአሥር ዓመት በፊት የተላለፈ በሽታ የትናንት መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፣ ለዚህም ነው ከፊደል ልዩነት የሚሰላ ዓመት በግምት ብቻ መወሰድ ያለበት። ነገር ግን ተቃውሞው የሚነካው የትኛውን ወገን እንደሆነ ልብ ይሏል። መተኛት ልዩነትን ሊያሳንስ ይችላል፤ የሌለ የ40 ፊደል ልዩነት ሊፈጥር ግን አይችልም። ስለዚህ «ያዛት» የሚለውን ቃል ያደክማል፣ «አልያዛትም» የሚለውን ግን ባለበት ይተወዋል። ናሙና ያልተወሰደባቸው ታማሚዎች መኖራቸውም እንዲሁ ነው፤ የጎደለ ሰው ሰንሰለቱን እንዳናይ ያደርገናል እንጂ የማይዛመዱትን አያዛምድም። «አልያዛትም» የሚለውን በእርግጥ የሚያሠጋው አንድ ነገር ቢኖር አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት የተለያዩ የቲቢ ዘሮች መያዙ ነው። ያኔ ከአክታው የተነበበው አንደኛው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ለከተማ ጤና ሥራ ምን ይለውጣል? በሰሜን ማላዊ፣ ካሮንጋ በተባለው ወረዳ፣ በብዙ ዓመታት ውስጥ ከተሰበሰቡ ናሙናዎች ከአንድ ሺህ በላይ ሲነበቡ፣ ታማሚው ራሱ ከሚያውቀው የቅርብ ሰው የመጣ ቲቢ ከአሥር አንድ እንኳን አልሞላም። ካሮንጋ ገጠር ነው፤ እንደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለ፣ ሰው ጀሞ አድሮ መርካቶ በሚውልበት፣ ታክሲና የግንባታ ቦታ በሚጋራበት ክፍለ ከተማ የማይታወቀው ምንጭ ከዚያ ያነሰ ይሆናል ብዬ አልገምትም። ታዲያ የቤተሰብ ምርመራ ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ከታማሚ ጋር አንድ ቤት የሚያድሩ ሕፃናት በቀላሉ ይያዛሉ፣ ሲያማቸውም ይጠናባቸዋል፤ እነሱን መርምሮ መከላከያ መድኃኒት መስጠት ምንጩ ማንም ይሁን ማን ያዋጣል። መቅረት ያለበት ሐሳብ ታማሚው የሚያድርበት ወረዳ በሽታው የተላለፈበት ቦታ ነው የሚለው ነው። በወረዳ የተከፋፈለ መዝገብ ሰው የት እንደሚያድር ይነግረናል፤ የት እንደተነፈሰ አይነግረንም።

ወልድያ ላይ የተገኘው ሐረግ

ግድፈት መቁጠር ከወራት አልፎ ለሺህ ዓመታትም ይሠራል፤ አሠራሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ከሳንባና ከእጢ ቲቢ ታማሚዎች የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን በዘረመል መርምሮ ሁለት ነገር አገኘ። ከጥናቱ ተባባሪዎች አንዱ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነበር፤ በዘነበወርቅ አለርት ግቢ የሚገኘውና ስሙን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም የወሰደው ተቋም ማለት ነው። የመጀመሪያው ግኝት የአንገት እጢን ይመለከታል። በኢትዮጵያ የእጢ ቲቢ ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር በዝቶ ስለሚታይ፣ ያልተፈላ ወተት የሚያመጣው የከብት ቲቢ ነው የሚል ግምት ሰፊ ነበር። ምርመራው ግን በእጢና በሳንባ ላይ ያሉት ዘሮች ተመሳሳይ መሆናቸውን፣ የከብቱ ባክቴሪያ ድርሻም እጅግ ትንሽ መሆኑን አሳየ። (ወተት ማፍላት አሁንም ይገባል፤ ሌሎች በሽታዎች አሉና።)

ሁለተኛው ግኝት ሰባተኛው ሐረግ የተባለው ነው። እስከዚያ ጊዜ በዓለም ላይ የታወቁት የሰው ቲቢ ዘሮች በስድስት ታላላቅ ሐረጎች ይመደቡ ነበር፤ ከወልድያ አካባቢ የመጡ አንዳንድ ናሙናዎች ግን በየትኛውም አልገቡም። ግድፈቶቻቸው የሚያመለክቱት ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት ከተሠራጩት ሐረጎች ቀደም ብሎ የተለየ ቅርንጫፍ ነው። ተመሳሳይ ባክቴሪያ ቀደም ሲል በጅቡቲ ታይቶ ነበር፤ ከአፍሪካ ቀንድና ከተወላጆቿ ውጭ ግን ብዙም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በሩዋንዳና በኡጋንዳ ከዚህም ቀድሞ የተለየ ስምንተኛ ሐረግ ተገኘ። ጥንታውያኑ ቅርንጫፎች በአንድ አካባቢ መገኘታቸው የቲቢ የጋራ አባት ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነበር የሚለውን ያጠናክራል።

እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊ ሊቃወም ይችላል። የቅኝ ግዛት ዘመን ሐኪሞች አፍሪካ አውሮፓውያን እስኪመጡ ድረስ ቲቢን አታውቅም፣ «ድንግል መሬት» ነበረች ብለው ጽፈዋል፤ የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክም በሽታው እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ብርቅ እንደነበር ይናገራል። ባክቴሪያው እዚህ የኖረ ከሆነ በሽታው የት ነበር? እ.ኤ.አ. በ2015 የአርማወር ሐንሰኑ ተመራማሪ ዶክተር አብርሃም አሰፋ ከተሳተፉባቸው ጥናቶች አንዱ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የኢትዮጵያ ናሙናዎች ሲነበቡ አንድ ብቸኛ የመግቢያ ቀን አይታይም፤ የሚታየው ከጥንት የነበረ ዘር፣ በላዩ ላይም ከንግድና ከሰው ፍልሰት ጋር በተለያየ ጊዜ የገቡ ሌሎች ዘሮች ናቸው። የበሽታው መባባስ ደግሞ ከውጭ የመጡ ዘሮችና ከአገር በቀሎቹ የተወሰኑት በከተማ ኑሮ ምቹ ሁኔታ በማግኘታቸው እንደሆነ ጥናቱ ያስባል። የመጨረሻው ሐሳብ ትርጓሜ ነው፣ ሊከራከሩበት ይቻላል። የድንግል መሬቱን ታሪክ ግን ጽሑፉ ራሱ ይክደዋል፤ ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት በአህጉሩ የነበሩ ዘሮች ዛሬም በወሎ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገኛሉ።

ገንዘቡና ምስጢሩ

የጂን ኤክስፐርት መመርመሪያ በበቂ በማይዳረስበት አገር ሙሉ ንባብ ቅንጦት አይደለም ወይ? ለእያንዳንዱ ታማሚ ይነበብ ቢባል ቅንጦት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን መደበኛ ሥራ ስታደርግ የነበራት የታማሚ ቁጥር ትንሽ፣ ላብራቶሪዋ ብዙ ነበር። ለእኛ የሚያዋጣው መምረጥ ይመስለኛል፦ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸውን ሁሉ፣ እንዲሁም በማረሚያ ቤት፣ በተማሪዎች ማደሪያና በፋብሪካ በአንድ ጊዜ ተሰብስበው የሚታዩ ታማሚዎችን። በኤስዋቲኒ የሆነው ለዚህ በቂ ምክንያት ነው። እዚያ በብዙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ካላቸው ሰዎች 30 በመቶ ያህሉ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው ለውጣቸው ጂን ኤክስፐርት ከሚያያት ቁራጭ ውጭ ስለነበር መሣሪያው መላመዱን ሊያይ አይችልም ነበር።

መሠረቱ ከዜሮ አይጀመርም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ የአፍሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ተመርቋል፤ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2020 በ100 ሚሊዮን ዶላር የጀመረው መርሐ ግብር የአህጉሩን ላብራቶሪዎች ዘረመል እንዲያነቡ ለማስታጠቅ ነው። ምስጢርን በተመለከተ የሚነበበው የባክቴሪያው እንጂ የሰውየው ዘረመል አይደለም። ሆኖም ውጤቱ ከወረዳ፣ ከዕድሜና ከሥራ ጋር ተያይዞ ከወጣ ሰውየውን ለይቶ ማወቅ አያዳግትም። ላብራቶሪ ለጤና ጣቢያ መንገር ያለበት ማን ከማን እንደያዘው አይደለም፤ የጽሑፉ አቅምም ያን አይፈቅድም። የትኞቹ ታማሚዎች እንደማይዛመዱና የተዛመዱት በጋራ የትኛውን ቦታ እንደሚያዘወትሩ መጠየቅ እንዳለበት ግን ሊነግረው ይችላል።

አንድ ነገር ገና አልተፈታም፤ ጊዜ። የቲቢ ባክቴሪያ ቀስ ብሎ ስለሚራባ ለሙሉ ንባብ የሚበቃ ዲኤንኤ ለማግኘት ሳምንታት ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ከአክታ ላይ በቀጥታ የሚሠራ አዲስ ንባብ ይህን ያሳጥራል፤ የሚያነበው ግን ከመድኃኒት መላመድ ጋር የተያያዙ የተመረጡ ገጾችን ብቻ ነው። ለሐኪሙ የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራ በቀናት ይነግረዋል። የሳሪሱን ግቢ ጥያቄ ለመመለስ ግን ባክቴሪያው አሁንም በላብራቶሪ መራባት አለበት።